ተማሪ መርጠው በውጭ ቋንቋ የሚያስተምሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፦ የአገልግሎቱ ግምገማ

በብዙ አገሮች፣ የመንግሥት ሆነው ተማሪዎቻቸውን በውጤት መርጠው የሚቀበሉ፣ ከትምህርት ዓይነቶቻቸውም ከፊሉን በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በስፓኒሽ የሚያስተምሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለወላጅ የሚገቡት ቃል ቀላል አይደለም። በአሥራ ሦስት ወይም በአሥራ አራት ዓመቱ ቋንቋውን ጨርሶ ሳያውቅ የገባ ልጅ፣ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ታሪክ የሚያነብበት፣ የኬሚስትሪ ሙከራ የሚዘግብበት፣ ቢፈልግም ከፍተኛ ትምህርቱን የሚቀጥልበት ሁለተኛ የትምህርት ቋንቋ ይኖረዋል፤ ወጪውንም የሚሸፍነው ሕዝብ ነው። ይህን ቃል የሚጠብቁ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ሁሉ ስሙን ብቻ ይዘው የቀሩም ብዙ ናቸው፤ ከበር ላይ ቆሞ ለሚያይ ወላጅ ግን ሁለቱም አንድ ይመስሉታል።

እኔ የቋንቋ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ከተማሪዎች ኋላ ተቀምጬ ትምህርት የተከታተልሁባቸው ቀናትም ጥቂት አይደሉም። ይህ ጽሑፍ የሚመዝነው አንድን ትምህርት ቤት ሳይሆን አገልግሎቱን ራሱን ነው፤ ምሳሌዎቼን በይበልጥ ከቡልጋሪያ፣ ከቱርክ፣ ከሆንግ ኮንግና ከደቡብ ኮርያ አመጣለሁ፤ ዓመቶቹም ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የአገልግሎቱ መልካምነት የሚታወቀው የመጀመሪያው ዓመት ለቋንቋው በተሰጠበት መጠን፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም የሒሳቡና የሳይንሱ መምህር ያንኑ ቋንቋ በእውነት በሚያስተምርበት መጠን ነው። የመግቢያ ፈተናው ክብደት፣ የሕንፃው ዕድሜና የተመራቂዎቹ ዝና ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በመግቢያው ልጀምር፤ ወላጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እርሱን ነውና። በቡልጋሪያ የቋንቋ ጂምናዚየም የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በ7ኛ ክፍል ማብቂያ ላይ በሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተና ነው። ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ የቡልጋርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ሌላው ሒሳብ ሲሆን እያንዳንዱ ከ100 ይታረማል። እያንዳንዱ ውጤት በተወሰነለት ክብደት ተባዝቶ ከትምህርት ቤት ውጤት ጋር ሲደመር ከፍተኛው ነጥብ 500 ይደርሳል፤ ተማሪውም ባገኘው ነጥብና በቅደም ተከተል በመረጣቸው ትምህርት ቤቶች መሠረት ይመደባል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ወደ ጀርመንኛ ወይም ወደ ስፓኒሽ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ለመመደብ አንድም የጀርመንኛ ወይም የስፓኒሽ ጥያቄ እንዲመልስ አለመገደዱ ነው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ከአሠራሩ ብልሃቶች አንዱ አድርጌ እቈጥረዋለሁ። መግቢያው በውጭው ቋንቋ ቢሆን ኖሮ ወንበሩን የሚይዙት ከልጅነታቸው ጀምሮ የቋንቋ አስጠኚ የተቀጠረላቸው ልጆች በሆኑ ነበር። በዚያም ላይ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ከዝርዝሩ መለየት ያልለመደ ልጅ ይህንኑ በሌላ ቋንቋ አድርግ ቢባል አይሆንለትም፤ የለመደው ግን ዘዴውን ይዞ ስለሚገባ የሚጐድለው ቃሉና ሰዋስዉ ነው። እውነት ነው፣ የአስጠኚው ገበያ በዚህ አይዘጋም፤ ወደ ሒሳብና ወደ አገሬው ቋንቋ ይዞራል፤ ፈተናው ከመድረሱ በፊት ያለው ዓመትም ለብዙ ቤተሰብ የሠቀቀን ዓመት ይሆናል። በቱርክ ከ2018 ጀምሮ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ማዕከላዊ ፈተና 90 ጥያቄዎች ሲኖሩት የውጭ ቋንቋ ድርሻ 10 ብቻ ነው፤ ሦስት የተሳሳቱ መልሶችም አንድ ትክክለኛ መልስ ይሰርዛሉ። በደቡብ ኮርያ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ የራሳቸውን የጽሑፍ ፈተና እንዳይሰጡ ተከልክለው፣ በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የተገኘ የእንግሊዝኛ ውጤትና ቃለ መጠይቅ የመግቢያው መለኪያ ሆነዋል። ከሦስቱ እኔ የቡልጋሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ከላይ ያልሁት ነው።

ከመግቢያው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዓመት ግን የአገልግሎቱ እምብርት ነው። በቡልጋሪያ የቋንቋ ጂምናዚየሞች 8ኛ ክፍል ከሞላ ጎደል የቋንቋ ዓመት ነው፤ በሳምንት 18 ያህል ክፍለ ጊዜ ለአንድ ቋንቋ ይሰጣል፤ ይህም በቀን ወደ አራት ክፍለ ጊዜ የሚጠጋ ነው። ሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች በዚያ ዓመት ቀለል ብለው ይሰጣሉ። በቱርክም የቋንቋ ዓመት ያላቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪውን 9ኛ ክፍል ከማስገባታቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ቋንቋ ያስተምሩታል፤ ስለዚህ አራት ዓመት የሚፈጀው ሁለተኛ ደረጃ አምስት ዓመት ይሆናል።

ይህን ዓመት እንደ ባከነ ጊዜ የሚያዩ ወላጆች አሉ። አንዲት እናት «እኩዮቹ ፊዚክስ ሲማሩ የእኔ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ግሥ ሲያረባ ሊከርም ነው?» ስትል ጠይቃኛለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚገኘው የዓመቱን ሂደት ቀርቦ በማየት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ልጆቹ ደስተኞች ናቸው፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ቁጥር ይቈጥራሉ፣ ስለ ቤተሰባቸው አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይሠራሉ፣ የተማሩት ሁሉ ወዲያው ጥቅም ላይ ይውላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ነገሩ ይከብዳል። ቃሉ ይከማቻል፤ ሰዋስዉ ይወሳሰባል፤ በራሱ ቋንቋ አንደበተ ርቱዕ የነበረ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንደ አምስት ዓመት ሕፃን መናገር ያሳፍረውና ዝም ይላል። በዚያ ላይ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረ ነው፤ አሁን አጠገቡ የተቀመጡትም ሁሉ አንደኛ ይወጡ የነበሩ ናቸው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመካከለኛ በታች ውጤት ያየ ልጅ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን አለማወቅ ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት ስላላየው ነበር።

መልካም ትምህርት ቤት ከሌላው የሚለየው በእነዚህ ወራት ነው። የዝምታውን ጊዜ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ክፍሉን ለቋንቋ ትምህርት በሁለት ይከፍላል፤ ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ለአንድ ወይም ለሁለት መምህራን ይሰጣል፤ ምክንያቱም ልጁ ለመሳሳት የሚደፍረው በለመደው ሰው ፊት ነው። የሳምንቱ 18 ክፍለ ጊዜ ለአምስት መምህራን ተቈራርሶ፣ አንዱ ሰዋስው፣ አንዱ ንባብ፣ አንዱ ንግግር እያለ ሲከፋፈለው ያየሁበት ትምህርት ቤትም ነበር፤ መምህራኑ እርስ በርስ ስለማይነጋገሩ ተማሪዎቹ አንዱን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ሲማሩ ሌላውን ጨርሶ አልተማሩትም። በወረቀት ላይ የሰዓቱ ብዛት ከመልካሙ ትምህርት ቤት ጋር እኩል ነበር።

የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የንባብ ጊዜ ነው። አጫጭር ታሪኮች፣ የጋዜጣ ዜናዎች፣ ቀላል ማብራሪያዎች ይነበባሉ፤ ልጁም ሳያስበው ከዓረፍተ ነገር ወደ አንቀጽ ይሸጋገራል። ከሁሉ የሚጠቅመውና ከሁሉ የሚዘነጋው ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ሥራ ነው። የዕለት ተዕለት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ «ሥሩን አውጣ»፣ «ምክንያቱንና ውጤቱን ለይ»፣ «ከሠንጠረዡ ተነሥተህ ግምትህን ጻፍ» የሚሉ ትእዛዞች ሲቀርቡለት ይደናገራል፤ የትምህርት ቋንቋ የገበያና የመንገድ ቋንቋ አይደለምና። የካናዳው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ ከ1979 ጀምሮ ያሳየው ይህን ልዩነት ነው፦ በሌላ ቋንቋ አካባቢ የሚኖር ልጅ ለመግባባት የሚበቃ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሲያገኝ፣ ለክፍል ትምህርት የሚያስፈልገውን የቋንቋ ደረጃ ለመድረስ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ከሚንስ የተናገረው ቋንቋው ከበር ውጭም ስለሚነገርላቸው ልጆች ነው፤ የእኛዎቹ ልጆች ቋንቋውን የሚሰሙት በክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የቋንቋ ዓመቱ ሥራውን አይጨርስም፤ ይጀምረዋል። ይህን የተረዳ ትምህርት ቤት ዓመቱ ሳያልቅ የባዮሎጂውንና የሒሳቡን መምህር ወደ ክፍሉ ያመጣል፤ ልጆቹ «ሕዋስ»፣ «ትይዩ መስመር»፣ «መላምት» የሚሉትን ቃላት በሚቀጥለው ዓመት ከሚያስተምራቸው ሰው አፍ ይሰማሉ።

ወደ ሁለተኛው መመዘኛ ልሻገር። በአንድ ወቅት በ10ኛ ክፍል የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተገኝቼ ነበር። መማሪያ መጽሐፉ በውጭው ቋንቋ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ርእስም፣ ቀመሩም፣ የቤት ሥራውም እንዲሁ። መምህሩ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው በአገሬው ቋንቋ ተናገረ። ተማሪዎቹ ማብራሪያውን በራሳቸው ቋንቋ ሰምተው ከሰሌዳው በሌላው ቋንቋ ይገለብጣሉ፤ ፈተናው ሲመጣም የተገለበጠውን በቃል ይዘው ይጽፋሉ። ከክፍል ስንወጣ መምህሩ በቅንነት ነገረኝ፦ ፊዚክስ የተማረው በአገሬው ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን ማንበብ ይችላል፤ ተማሪ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲጠይቀው ግን የሚመልስበት ቃል ያጥረዋል። መምህሩን አልወቅሰውም፤ ያላሠለጠነው አካል ነው የሚወቀሰው። በእንዲህ ዓይነት ክፍል ግን ተማሪው ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ ቋንቋውን አይማርበትም፣ ፊዚክሱንም በራሱ ቋንቋ ቢማረው ኖሮ ሊያገኘው የሚችለውን ያህል አያገኝም።

መምህሩ በውጭው ቋንቋ በሚናገርበት ቦታም ቢሆን የሚከፈል ዋጋ መኖሩን ከሆንግ ኮንግ እንማራለን። መንግሥት ከ1998 ጀምሮ አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቻይንኛ እንዲያስተምሩ ሲወስን፣ 114 ትምህርት ቤቶች ብቻ በእንግሊዝኛ እንዲቀጥሉ ፈቀደ፤ ከመመዘኛዎቹም አንዱ ተማሪዎቻቸው በቋንቋው ለመማር መቻላቸው ነበር። ኸርበርት ማርሽ፣ ሃው እና ኮንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከውሳኔው በፊት ትምህርት የጀመሩ 12,784 ተማሪዎችን በ56 ትምህርት ቤቶች ተከታትለው በ2000 ያሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ መማር የተማሪዎቹን እንግሊዝኛ እንዳሻሻለ፣ ቻይንኛቸውንም እንዳልጐዳ፣ ይልቁንም በመጠኑ እንደ ጠቀመ አሳይቷል፤ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በሳይንስ ግን ጉዳቱ ከፍተኛ ነበር፤ በሒሳብ ያነሰ ነበር። የሒሳብ ጉዳት ማነሱ አያስገርመኝም፤ ቀመር በየትኛውም ቋንቋ ቀመር ነው፤ «ለጦርነቱ መነሻ የሆኑትን ምክንያቶች አብራራ» የሚል ጥያቄ ግን ከቋንቋ በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቤቶቹ ይዘጉ የሚል አይደለም። በሆንግ ኮንግ የነበሩት ልጆች በቡልጋሪያ እንደሚደረገው ያለ የቋንቋ ዓመት አልነበራቸውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ታሪኩና ወደ ጂኦግራፊው ገቡ። ጥናቱ ለእኔ የሚነግረኝ የቋንቋ ዓመቱ ሲቀር የሚከፈለው ምን እንደ ሆነ ነው።

ይህን በአገር ደረጃ ለማየት ደግሞ የቱርክን ታሪክ መከተል ይበቃል፤ እኔም ከሁሉ የበለጠ ያዘንሁበት እርሱ ነው። በ1955 የቱርክ መንግሥት ማአሪፍ ኮሌጅ የተባሉ ትምህርት ቤቶችን በኢስታንቡል፣ በኢዝሚር፣ በሳምሱን፣ በኤስኪሸሂር፣ በኮንያና በዲያርባክር ከፈተ። ከከተሞቹ ዝርዝር እንደሚታየው ሐሳቡ ትልቁን ከተማ ብቻ ለማገልገል አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለውን ትምህርት የሚያገኙት በሚስዮንና በውጭ አገር ማኅበረሰብ በተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች የመማር ዕድል ያላቸው ነበሩና፣ በመንግሥት ወጪ በየክፍለ አገሩ ላለ ጐበዝ ልጅ በሩን መክፈት ነበር። ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ በኋላ ገብቶ አንድ ዓመት ቋንቋ ይማራል፤ ከዚያም ሦስት ዓመት መለስተኛ፣ ሦስት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሒሳቡንና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ እየተማረ ይዘልቃል። ሰባት ዓመት ማለት ነው፤ ከሚንስ ካስቀመጠው የጊዜ ልክ ጋር ይገጥማል። በ1975 ስማቸው አናዶሉ ሊሴ (የአናቶሊያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ሆነ፤ ከዚያም በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ ተጨመሩ፤ ቊጥራቸውም በፍጥነት አደገ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መሠረቱን ደረጃ በደረጃ የማውጣት ሥራ ነበር። በ1997 የስምንት ዓመት ትምህርት ግዴታ ሲሆን መለስተኛው ክፍል ተዘጋ፤ መግቢያውም ከ8ኛ ክፍል በኋላ ሆነ፤ ሰባቱ ዓመት ወደ አራት ወረደ። ሒሳብና ሳይንስን በውጭ ቋንቋ ማስተማሩም እየቀረ ሄደ፤ ለዚህም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው በቱርክኛ መሆኑና በቋንቋው የሚያስተምር መምህር ማነሱ በየጊዜው የሚጠቀሱ ምክንያቶች ነበሩ። በ2005 ሁለተኛ ደረጃ ወደ አራት ዓመት ሲራዘም የቋንቋው ዓመት ከአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተነሣ። በመጨረሻም ከ2010 ጀምሮ መደበኛዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ አናዶሉ ሊሴ እንዲለወጡ ተወሰነ፤ ለውጡም በ2013 እና በ2014 የትምህርት ዘመን ተጠናቀቀ። ዛሬ ስሙ በየከተማው በብዙ በሮች ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ስሙ የወጣለት ትምህርት ግን በአብዛኞቹ ውስጥ የለም። በኋላ የቋንቋውን ዓመት እንደ ገና እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸው ትምህርት ቤቶች መኖራቸው፣ ያ ዓመት ሲነሣ የጐደለ ነገር እንደ ነበረ ያሳያል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ ግዴታ ትምህርትን ማራዘምም መልካም ነገር ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን የአንድ የገበሬ ልጅ በመንግሥት ወጪ ሌላ ቋንቋ የሚወርስበትን መንገድ አጠበቡት።

በዚያው አገር ሁለት ትምህርት ቤቶች ከዚህ ሁሉ ለውጥ በኋላም ቋንቋቸውን ይዘው ቆዩ። ገላታሳራይ በ1868 በሱልጣን አብዱልአዚዝ ዘመን በአዲስ መልክ ሲደራጅ ፈረንሳይኛ የማስተማሪያ ቋንቋው ሆነ፤ በ1992 ቱርክና ፈረንሳይ በፈረሙት ስምምነትም ሁለተኛ ደረጃው ከስሙ ወራሽ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተሳሰረ። በ1884 የተመሠረተው ኢስታንቡል ሊሴ ደግሞ ጀርመንኛን ይዟል፤ ከጀርመን የሚላኩ መምህራን ያስተምሩበታል፤ ተማሪዎቹም አቢቱር የተባለውን የጀርመን ማጠናቀቂያ ፈተና ሊወስዱ ይችላሉ። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ሁለቱም በዚያው አገር አቀፍ ፈተና ከከፍተኛው ነጥብ ተማሪ ይወስዳሉ። ለምን እነርሱ ዳኑ ቢባል፣ በእኔ እምነት ምክንያቱ የተማሪው ጉብዝና ብቻ አይደለም። ከጀርባቸው መምህር የመላክ ግዴታ ያለበት ሌላ መንግሥት አለ፤ መጨረሻቸው ላይም በዚያው ቋንቋ የሚሰጥ ፈተና ወይም በዚያው ቋንቋ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል። የመጨረሻው ፈተና በቋንቋው እስከሆነ ድረስ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ወላጁም ቋንቋውን ለመተው አይችሉም።

ቡልጋሪያም ከዚሁ ጥበብ ተጠቅማለች። የቋንቋ ትምህርት ቤቶቿ ጅማሬ በ1950 በሎቬች ከተማ የተከፈተው ትምህርት ቤት ነው፤ በ1958 የእንግሊዝኛው ክፍል ወደ ሶፊያ፣ የፈረንሳይኛው ወደ ቫርና ተዛውሮ ጀርመንኛው በሎቬች ቀረ፤ አንዱ ትምህርት ቤት ሦስት ሆነ። ዛሬ በሶፊያ በላማርቲን ስም የተሰየመው የፈረንሳይኛ፣ በጋላቦቭ ስም የተሰየመው የጀርመንኛ፣ በሰርቫንቴስ ስም የተሰየመው የስፓኒሽ ጂምናዚየም ከሚታወቁት ናቸው። በጀርመንኛው መስመር የሚማሩ ልጆች የጀርመን መንግሥት የሚሰጠውን የቋንቋ ዲፕሎማ ይፈተናሉ፤ ሁለተኛው ደረጃ በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ የቋንቋ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ስፔን በበኩሏ በምሥራቅ አውሮፓ ለሚገኙ ባለ ሁለት ቋንቋ ክፍሎች መምህራን ትመድባለች። በአንጻሩ የእንግሊዝኛው መስመር ከሁሉ ተፈላጊ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ የመንግሥት አጋር በጀርባው አይታይም፤ ስለዚህ አንድ ወላጅ ከሁለት ተመጣጣኝ ትምህርት ቤቶች እንዲመርጥ ቢጠይቀኝ፣ እንግሊዝኛውን በሌላም መንገድ ሊያገኘው ይችላልና ጀርመንኛውን፣ ፈረንሳይኛውን ወይም ስፓኒሹን እንዲያይ እመክረዋለሁ።

ስለ ደቡብ ኮርያ በአጭሩ ልለፍ፤ ስሙ ይመሳሰላል እንጂ አገልግሎቱ ሌላ ነው። የውጭ ቋንቋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1984 ተጀምረው በ1992 ልዩ ዓላማ ካላቸው ትምህርት ቤቶች ተርታ ገቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የግል ናቸው። ተማሪው ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ጀርመንኛ ወይም ሌላ ቋንቋን እንደ ዋና ትምህርቱ ይይዛል፤ ሌሎቹን ትምህርቶች ግን በአብዛኛው የሚማረው በኮርያኛ ነው። በጊዜ ብዛት ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርሱ በሮች ተደርገው ስለ ታዩ ነቀፋ በዛባቸው፤ መንግሥት በ2019 ከ2025 ጀምሮ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤትነት እንደሚለወጡ አስታወቀ፤ ተከታዩ መንግሥት ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ ውሳኔውን ሽሮ እንዲቀጥሉ አደረገ። ቋንቋው የመግቢያ ምክንያት ብቻ ሆኖ ትምህርቱ በቋንቋው ካልተሰጠ፣ ትምህርት ቤቱ መርጦ በመውሰዱ ብቻ ይከበራል፤ መርጦ በመውሰዱም ብቻ ይጠላል።

የፍትሕ ጥያቄውን ግን ለኮርያ ብቻ ትቼ ላልፈው አልችልም። ጐበዞቹን ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት ሌሎቹን ትምህርት ቤቶች ያራቁታል፤ በአሥራ ሦስት ወይም በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ በአንድ ቀን ፈተና መፍረድም ከባድ ነገር ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ አገልግሎቱን የምደግፈው፣ ከሌለ የሚተካው እኩልነት ስላልሆነ ነው፤ የሚተካው የግል ትምህርት ቤት ነው። የመንግሥቱ በር ሲዘጋ ገንዘብ ያለው ሰው ልጅ ቋንቋውን ያገኘዋል፤ የሌለው ሰው ልጅ ነው የሚቀርበት።

አገልግሎቱ ለማን ይስማማል? ብዙ ማንበብ ለሚወድ፣ መሳሳትን ለሚታገሥ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ መስሎ መታየት ለማያስጨንቀው ልጅ ይስማማል። ልቡ ሙሉ በሙሉ በሒሳብና በሳይንስ ውድድር ላይ ላለ ልጅ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ቤት ይሻለዋል፤ እንዲህ ያለውን ልጅ ነጥቡ ደረሰ ተብሎ ብቻ ወደ ቋንቋ ትምህርት ቤት ማስገባት ስሕተት ነው፤ ይህ ስሕተት ግን በየዓመቱ ይደገማል። ልጁ ሳይጠየቅ ቋንቋው ሲመረጥለትም እንዲሁ ነው።

ለጉብኝት የሄደ ወላጅ በአዳራሹ የተሰቀለውን የዋንጫና የፎቶግራፍ ግድግዳ በትሕትና አልፎ ርእሰ መምህሩን ጥቂት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። በመጀመሪያው ዓመት የቋንቋው ክፍለ ጊዜ በሳምንት ስንት ነው፣ ለስንት መምህራን ተከፍሏል፣ ክፍሉስ ለቋንቋው ለሁለት ይከፈላል ወይ? በሁለተኛው ዓመት በውጭው ቋንቋ የሚሰጡት ትምህርቶች የትኞቹ ናቸው፣ የሚያስተምሯቸውስ ሰዎች በቋንቋው የት ተማሩ? ባለፉት አምስት ዓመታት በቋንቋው መሰጠቱ የቀረ ትምህርት አለ? የመጨረሻውን ጥያቄ ስጠይቅ አንድ ርእሰ መምህር ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «ጂኦግራፊ፤ መምህሯ ጡረታ ወጥተው ምትክ አላገኘንም» አሉኝ። እውነቱን በመናገራቸው ትምህርት ቤቱን ይበልጥ አከበርሁት።

ሌላው የምጠይቀው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የባዮሎጂ ደብተር እንዲያሳዩኝ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ የራሷን ሰጠችኝ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ሥዕሉም ጽሑፉም በውጭው ቋንቋ ሆኖ፣ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ የአገሯ ቋንቋ ትርጕም በእርሳስ ተጽፏል። በአሥረኛው ገጽ አካባቢ ትርጕሙ በየመስመሩ መሆኑ ቀርቶ በአንዳንድ ቃላት ላይ ብቻ ይታያል። ከደብተሩ አጋማሽ በኋላ እርሳሱ የለም፤ በጠርዙ ላይ ግን በብዕር የተጻፈ አንድ ጥያቄ አለ፤ መምህሯን ለመጠየቅ የጻፈችው ነው፣ በራሱ በውጭው ቋንቋ፣ ከሁለት የሰዋስው ስሕተት ጋር።